የአሮጌ መኪና ሞተር ዘይት ምርጫ፤ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝ ትምህርት

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ስለ ዘይት የሚናገረው አያጣም። በተለይም መኪናው ያረጀ እንደ ሆነ መካሪው ይበዛል። ከምክሮቹም ሁሉ አብልጦ የሚደጋገመው «አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚለው ነው። እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ አገር ደግሞ «ሙቀቱ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ከሁሉ ወፍራሙን ጨምር» የሚል ሁለተኛ ምክር ይታከልበታል። ሁለቱም ምክሮች ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን አንድ አሮጌ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ በሆነበት አገር፤ በግማሽ እውነት ተመርቶ ሞተሩን ያበላሸ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ግማሽ አይደለም፤ ሙሉ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ይመስለናል።

ለዚህም ምርመራ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በዚያው ፀሐይ ሥር፤ ከአጥር ውስጥ አውሮፕላን፤ ከአጥር ውጭ መንገደኛ የሚጠብቁ አሮጌ መኪናዎች ይቆማሉ። እንግዲህ ሙቀቱ ብቻ የዘይትን ውፍረት የሚወስን ቢሆን ኖሮ፤ ሁሉም አንድ ዐይነት ዘይት ሊጠቀሙ በተገባ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ዳሽ 8 በተርባይን ሞተሩ ውስጥ የሚጠቀምበት ዘይት በ100 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱ 5 ሴንቲስቶክስ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከማንኛውም የተለመደ የመኪና ዘይታችን የቀጠነ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ግን ፒስተን ያለውና በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለ ነበራቸው፤ በመኪና አቆጣጠር 50 ወይም 60 ቁጥር የሚባለውን እጅግ ወፍራም ዘይት ይሹ ነበር። ሰማዩ አንድ፤ ምድሩም አንድ ሆኖ ሳለ የአንደኛው ዘይት ከሌላው አራት እጥፍ ይወፍራል። ልዩነቱን ያመጣው የአገሩ አየር ሳይሆን የሞተሩ አሠራር ነው። ተርባይኑ በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል፤ የፒስተኑ ሞተር ግን ብረቱ በልሙጥ ብረት ላይ የሚንሸራተተው በዘይት ንጣፍ ብቻ ነው።

1ኛ/ ውፍረት ማለት ምን ማለት ነው?

የዘይት ውፍረት ስንል ክብደቱን ማለታችን አይደለም፤ ላለመፍሰስ የሚያሳየውን እምቢታ ማለታችን ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሴንቲስቶክስ ያህል ነው፤ ማር ደግሞ ከዘይት ሁሉ እጅግ የሚበልጥ እምቢተኛ ነው። የሞተር ዘይት በመካከላቸው ይገኛል።

በሞተሩ ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፈው መካኒኮች ብሮንዚን በሚሏቸው ልሙጥ ግማሽ ቀለበቶች ላይ ነው። በሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት በአዲስነቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ 5 ያህል ነው። ሻፍቱ በፍጥነት ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ቦታ ይነዳዋል፤ የተነዳውም ዘይት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሻፍቱን ከብሮንዚኑ ያነሣዋል። ብረት ከብረት ሳይነካካ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ በጣም ከቀጠነ ሽብልቁ ይሳሳል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በጣም ከወፈረ ደግሞ ንጣፉ ይበረታል፤ ነገር ግን ዘይቱ ወደ ሩቁ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ በራሱም ፍትጊያ ይሞቃል፤ ነዳጅም ያስበላል። እንግዲህ ተፈላጊው ወፍራሙ ወይም ቀጭኑ ሳይሆን ልኩ ነው ማለት ነው።

2ኛ/ በጣሳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስለ ማንበብ

ቁጥሮቹን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ ምልክቱም ኤስ.ኤ.ኢ. ይባላል። የመጀመሪያው የዘይት አመዳደብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በዛሬው አመዳደብ በ100 ዲግሪ ሲለካ፤ 30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክስ፤ 40 ቁጥር ከ12.5 እስከ 16.3፤ 50 ቁጥር ከ16.3 እስከ 21.9 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን «ደብልዩ» በምትባለው ፊደል ነው። 15ደብልዩ-40 በሚለው ጽሑፍ ውስጥ ፊደሏ የቆመችው ለፈረንጆች የብርድ ወራት ነው። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ስለ ሆነ፤ «ሐምሌ ሲገባ የክረምት ዘይት ልቀይር» ብሎ የሚያስብ ሰው በትርጉም ብቻ ይሳሳታል። ከፊደሏ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያስችል መሆኑን ያሳያል። 15ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፤ 20ደብልዩ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በጋምቤላ ይቅርና በአዲስ አበባም የለም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቁጥር ለእኛ ምንም አይፈይድም ማለት አይደለም። 20ደብልዩ-50 ዘይት በ100 ዲግሪ 18 ሴንቲስቶክስ ያህል ሆኖ ሳለ በ40 ዲግሪ ወደ 160 ይወጣል፤ በጋምቤላ ሌሊት በ20 ዲግሪ 500 ያህል ይሆናል፤ በኅዳር ንጋት በአዲስ አበባ በ7 ዲግሪ ደግሞ ከ1,000 ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ዘይቱ ወደ ቫልቮቹ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፉት ሴኮንዶች ሞተሩ ያለ በቂ ዘይት የሚፋተግባቸው ናቸው። ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለት አየር ያያልና ባለቤቱ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ባለሁለት ቁጥር ዘይት የሚሠራው ረጃጅም ክር መሰል ቅመሞች ተጨምረውበት ነው። ክሮቹ ሲቀዘቅዙ ይጠቀለላሉ፤ ሲሞቁ ይፈታሉና ዘይቱ በሙቀት ፈጽሞ እንዳይቀጥን ይረዳሉ። ነገር ግን በሥራ ብዛት እነዚህ ክሮች ይቆራረጣሉ። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት ባለ 40 ዘይት በጣሳው ላይ የተጻፈውን 40 ላይሆን ይችላል።

3ኛ/ የጋምቤላ ሙቀት ምን ያህል ይጎዳል?

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር የራሱ ቴርሞስታት አለው። ውጭው 25 ዲግሪም ይሁን 40፤ ራዲያተሩ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይጠበቃል፤ ዘይቱም በ100 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ የአገሩ ሙቀት ከሚገመተው ያነሰ ለውጥ ያመጣል። እንደ ቮልስ ዋገን ያለው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ቴርሞስታት የሚጠብቀው ውሃ ስለሌለው የውጭውን አየር ይከተላል፤ ለእርሱ የጋምቤላ ፀሐይ እውነተኛ ጉዳይ ነው።

ሞተሩን በእርግጥ የሚጎዳው የታፈነ ራዲያተር ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ራዲያተሩ በጭቃና በአቧራ ታፍኖ የዘይቱ ሙቀት ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ቢወጣ፤ 14 ሴንቲስቶክስ የነበረው 15ደብልዩ-40 ወደ 9 ይወርዳል። 18 የነበረው 20ደብልዩ-50 ደግሞ ወደ 11 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ በታፈነ ራዲያተር ላይ ወፍራሙን ዘይት የጨመረ ሰው፤ ራዲያተሩን አጽድቶ መካከለኛውን ከጨመረው ሰው ያነሰ ውፍረት አገኘ! የተጨመረው ዋጋ በከንቱ ቀረ፤ የሲሊንደሩ ራስም መጣመሙ አይቀርም።

ሌላው የሙቀት ጉዳይ አውሮፕላን በሚጠበቅበት ጊዜ ሞተርን ሳያጠፉ መቆም ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይቱ ፓምፕም፤ ክራንክ ሻፍቱም ይዘገያሉ፤ ነፋስ የለምና ሙቀቱ ይጨምራል። ሽብልቁ ከሁሉ የሚሳሳው በዚህን ጊዜ ነው። አሮጌ ሞተር ቀዩን የዘይት መብራት መጀመሪያ የሚያሳየው በጉዞ ላይ ሳይሆን ቆሞ ሲጠብቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ/ ማርጀት በዘይት ይድናል?

አሁን ወደ ዋናው ምክር እንመለስ። ሞተር ሲያረጅ ክፍተቶቹ ይሰፋሉ፤ ዘይቱም በጎን ይፈስሳል፤ ግፊቱም ይወድቃል። ወፍራም ዘይት በዝግታ ስለሚፈስስ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ምክሩ እውነት ነው። ጥያቄው «ስንት ያህል?» የሚለው ነው።

በፊዚክስ እንደምናውቀው በጠባብ ክፍተት የሚፈስስ ፈሳሽ መጠን ከክፍተቱ ስፋት ኪዩብ ጋር ይመጣጠናል፤ ለውፍረቱ ግን በተገላቢጦሽ ነው። እንግዲህ 0.05 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት በማርጀት 0.10 ቢሆን፤ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ የሚፈስሰው ዘይት ግን 2 × 2 × 2 ማለት 8 እጥፍ ይሆናል። ከ30 ቁጥር ወደ 50 ቁጥር ብንሻገር ደግሞ ውፍረቱ ከ11 ወደ 18፤ ማለት 1.6 እጥፍ ብቻ ያድጋል። 1.6 እጥፍ ውፍረት ሊሸፍን የሚችለው ከ0.05 ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሰፋ ክፍተት ነው። ለጥቂት ድካም ይረዳል፤ ለደከመ ሞተር ግን በ8 እጥፍ መፍሰስ ፊት 1.6 ምንም አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚከፋው ነገር፤ ወፍራሙ ዘይት መብራቱን አጥፍቶ ባለቤቱን ማስተኛቱ ነው። ግፊቱ ለጊዜው ተነሣ እንጂ የተበላው ብሮንዚን አልዳነም። ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ ሞተሩ «ቤላ መታ» ሲባል፤ በብሮንዚን ለውጥ ሊያልቅ የነበረው ሥራ ክራንክ ሻፍት እስከ ማስቀየር ይደርሳል።

5ኛ/ በሽታውን ስለ መለየት

«ሞተሬ ዘይት ይበላል» የሚለው ሰው የዘይቱን ቁጥር ከመቀየሩ በፊት በየት በኩል እንደሚበላ ይወቅ።

ሀ/ ሌሊቱን የቆመበትን መሬት ይመልከት። ጠብታ ካለ ችግሩ ያረጀ ጓርኒሲዮን ወይም ማኅተም ሊሆን ይችላል።

ለ/ ጢሱን ይመልከት። ሰማያዊ ጢስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ለዚህ ጥሩ መመርመሪያ ነው። የቤንዚን መኪና ነዳጅ ሳይሰጠው በማርሽ ብቻ ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመሳብ ኀይል ይበረታል፤ የቫልቩ መምሪያ ካረጀ ዘይት ይሳባል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጢስ ቦግ ብሎ ከጠፋ ጥፋቱ በቫልቭ በኩል ነው። ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚጤስ እንደ ሆነ ግን የፒስተኑ ፋሻ ሳይበላ አይቀርም።

ሐ/ የመጭመቅ ኀይሉን ያስለካ። አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ፤ ጥቂት ዘይት በሻማው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና ይለካ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ነው።

መ/ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ያሽት። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካርቡራተሩ እያፈሰሰ ዘይቱን አቅጥኖታል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በሁለቱም ነገር 50 ቁጥር ዘይት መድኀኒት አይሆንም።

ሠ/ በጣትና በጣት መካከል አሻሽቶ «ቀጥኗል» ማለት አይጠቅምም። ጣት የሚለካው በ35 ዲግሪ ያለውን ነው፤ ሞተሩ የሚጠይቀው በ100 ዲግሪ ያለውን ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩም ጥላሸቱን እየያዘ መሆኑን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም።

እርግጠኛው መለኪያ የግፊት መለኪያ ነው። ብዙ መካኒኮች የሚቀበሉት ልማድ፤ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ሳለ በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ግፊት ካለ ይበቃል የሚል ነው። ይህን የሚያሟላ አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

6ኛ/ ከቁጥሩ ሌላ፤ ስለ ፊደሎቹ

ውፍረት ጥራት አይደለም። ጥራቱን የሚናገሩት የኤ.ፒ.አይ. ፊደሎች ናቸው፤ በ«ኤስ» የሚጀምሩት ለቤንዚን፤ በ«ሲ» የሚጀምሩት ለናፍጣ ናቸው። በቤንዚኑ በኩል ሁለተኛው ፊደል እየገፋ በሄደ መጠን ዘይቱ አዲስ ነው። ኤስኤ ወይም ኤስቢ የተጻፈበት ዘይት ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል፤ የጥንት ዐይነት ነውና።

ሆኖም ለአሮጌ ሞተር አንድ ልዩ ነገር አለ። በአገራችን «ዲኤክስ» እየተባለ የሚታወቀው ኮሮላ በኬ ሞተሩ፤ ቮልስም እንደዚሁ፤ ካምሻፍታቸው ቫልቩን የሚገፋው ጠፍጣፋ ብረት እየታከከ በዘንግ ነው። ይህን ቦታ ከመበላት የሚጠብቀው ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት የቤንዚን ዘይቶች፤ በተለይ በ30 ቁጥርና ከዚያ በታች ባሉት፤ የጢስ ማጽጃውን ላለመጉዳት ሲባል ፎስፎረሱ እንዲያንስ ተደርጓል። ስለዚህ ለቤንዚንም ለናፍጣም ተብሎ የተመዘገበ፤ ለምሳሌ ሲአይ-4/ኤስኤል የሚል 15ደብልዩ-40 ለእነዚህ ሞተሮች ይስማማል።

7ኛ/ እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ከሁሉ አስቀድሞ የፋብሪካው መጽሐፍ ካለ እርሱ ይታመን። ከሌለ ግን ለጋምቤላና ለአካባቢዋ የሚከተለው ይበቃል ብለን እናምናለን።

በውሃ ለሚቀዘቅዝ፤ ግፊቱ ደኅና ለሆነ የቤንዚን አሮጌ መኪና 15ደብልዩ-40። ከቆላው የማይወጣና ግፊቱ ጥቂት የወረደ ከሆነ 20ደብልዩ-50 ሊሞከር ይችላል፤ ከሙከራው በኋላ ግን ግፊቱ ይለካ። በገጠሩ ለሚመላለሱት እንደ ላንድ ክሩዘር ላሉ የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች 15ደብልዩ-40 ሆኖ የ«ሲ» ፊደል ያለው። ለቮልስ ዋገን በቆላ 20ደብልዩ-50 ወይም ነጠላ 40፤ ነገር ግን ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ፊልትሮ ሳይሆን ወንፊት ብቻ ስላለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይዘገይ ይቀየርለት። ከጋምቤላ በጎሬ፤ በመቱና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ለሚደርስ ማናቸውም አሮጌ መኪና 15ደብልዩ-40 ለሁለቱም አየር ይበቃል። በቅርብ ዘመን ተሠርተው 0ደብልዩ-20 የተጻፈላቸው መኪናዎች ግን በዚህ ምክር ውስጥ አይገቡም፤ ቀዳዳዎቻቸው ለቀጭን ዘይት የተለኩ ናቸውና።

ግፊቱ በ20ደብልዩ-50ም ካልተነሣ ነገሩ ከዘይት ሻጭ አልፏል፤ ወደ ጋራዥ ይወሰድ።

ከቁጥር ሁሉ የሚበልጠው ግን የዘይቱ መጠን ነው። በትክክለኛው ቁጥር ግማሽ ከመያዝ፤ በተሳሳተው ቁጥር ሙሉ መያዝ ይሻላል። በመንገድ ላይ ዘይት ቢጎድልና የሚገኘው ሌላ ቁጥር ብቻ ቢሆን፤ ለሞተር የተሠራ እስከ ሆነ ድረስ ጨምሮ መሄድ፤ ቤት ሲደርሱ ሁሉንም መቀየር ነው። የተከፈተ ጣሳ ወይም ማኅተሙ የተነካ ዕቃ አለመግዛትም ከዚሁ ጥንቃቄ ይቆጠራል።

የተቀየረውን ዘይት በተመለከተ አንድ ቃል ልንጨምር እንወዳለን። የተቃጠለ ዘይት በምስጥ ምክንያት ለእንጨት መቀባት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች ስላሉበት እጅን በባዶ መንከር አይገባም። በባሮ ዳርቻ ማፍሰስ ደግሞ ውሃውን የሚጠጣውንና ዓሣውን የሚበላውን ሕዝብ መበደል ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዘይቱ ጣሳ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋና በምልክት ነው፤ ሾፌሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው በቀለሙና በጎረቤቱ ወሬ ነው። በዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ አባታችን ወይም አጎታችን ዘይት ሊገዙ ሲሄዱ አብረን ሄደን ጽሑፉን ብናነብላቸው፤ የሞቀውንም ሞተር ግፊት እንዲያስለኩ ብናሳስባቸው፤ የተማርነው ፊዚክስ ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ለአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ይተርፋል። ይህም ለማንኛችንም የማይከብድ ሥራ ነው።